የዎርድ ፋይል ሆድ ዕቃ በዛፍ ሥዕል

ዶክስኤክስ ፋይል በእውነቱ ዚፕ ነው። ብትከፍቱት ጽሑፉን የያዘ ኤክስኤምኤል ታገኛላችሁ፤ በኖትፓድ ሲታይ ግን የተዝረከረከ ታግ ብቻ ነው።

በፓይተን ኤለመንትትሪ አንብቡት። አጭር ፈንክሽን ይበቃል፦ ከታጉ ወደ እያንዳንዱ ልጅ ቀስት ይጽፋል፣ ለልጁም ራሱን መልሶ ይጠራል። ሥዕሉን ግራፍቪዝ ይሠራዋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው የታጉን ስም የኖድ መለያ ሲያደርገው ነው። ግራፍቪዝ መለያቸው አንድ የሆኑትን ስለሚያዋህድ አንቀጾቹ ሁሉ አንድ ክብ ላይ ይከመራሉ፤ ያ ደግሞ ዛፍ አይባልም። መለያው ተራ ቁጥር፣ የታጉ ስም ሌብል ብቻ ይሁን።

አሁን ከአንድ ቃል መሃል ጥቂት ፊደል ቦልድ አድርጋችሁ ድጋሚ ሣሉት። ቃሉ ቢያንስ በሦስት ቅርንጫፍ ተበታትኗል። ቃል ፈልጎ የሚተካ ስክሪፕት ስትጽፉ «የለም» የሚላችሁ ለዚህ ነው።