የድሮ ቤዝ ጊታር ድምፅ ከየት ይመጣል?

የቤዝ ጊታር ጥገና ላይ ለሚሠራ ሰው በየጊዜው የሚቀርብለት ጥያቄ «ከድሮዎቹ የቱ ይሻላል፣ ፌንደር ፕሪሲዥን ወይስ ፌንደር ጃዝ?» የሚለው ነው። እኔ ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ክር ሳይገባ አልፈርድም። አንደኛው ላይ ዓመታት የከረመ ፍላትዋውንድ ክር አለ፤ ሌላው ላይ ትናንት ከማሸጊያው የወጣ ራውንድዋውንድ ገብቷል። ባለቤቱ ሁለቱን እያፈራረቀ ይመታና «ጃዙ ይጮኻል፣ ፕሪሲዥኑ ግን ሞቅ ያለ ነው» ይለኛል። ክሮቹን ስናለዋውጣቸው ደግሞ ፍርዱን ይገለብጠዋል።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ቤዝ ተጫዋቹ ጄምስ ጀመርሰን ነው። በ1960ዎቹ ዲትሮይት ውስጥ በሞታውን ስቱዲዮ በተቀዱት ዘፈኖች ላይ የምንሰማው ወፍራምና ቶሎ የሚከስም ድምፅ በአብዛኛው የወጣው ከእሱ የ1962 ሥሪት ፕሪሲዥን ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ሰው ይህን ዓመት ብቻ ይዞ ገበያ ይወጣል። ጀመርሰን ግን የላ ቤላን ወፍራም ፍላትዋውንድ ይጠቀም ነበር፤ ክሩንም ካልተበጠሰ አይቀይረውም ነበር። በብሪጁ ክዳን ሥር ክሩን የሚያፍን ስፖንጅ ነበረው። የሚመታውም በቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ብቻ ነበር። በዚያው ጊታር ላይ አዲስ ራውንድዋውንድ አስገብታችሁ፣ ስፖንጁን አውጥታችሁ በፕሌክትረም ብትመቱት የሞታውንን ድምፅ አታገኙትም።

ይህን ስል ጊታሮቹ ልዩነት የላቸውም ማለቴ አይደለም። ፕሪሲዥን በ1951 ሲወጣ የነበረው አንድ ቀጭን ፒክአፕ በ1957 ለሁለት በተከፈለው ተተካ፤ ድምፁ መሐል ላይ ጠንከር ያለ፣ ቦታውን የማይለቅ ነው። በ1960 የመጣው ጃዝ ሁለት ፒክአፕ አለው፤ አንገቱም ጭንቅላቱ ጋ ስፋቱ 38 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ለትንሽ እጅ ይመቻል። የፕሪሲዥኑ እስከ 44 ይደርሳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፌንደር የጃዙን የኋላ ፒክአፕ ወደ ብሪጁ ጠጋ አደረገው። ወደ ብሪጁ በተጠጋን ቁጥር የክሩ ንዝረት ስለሚያንስና ቀጫጭኑ ድምፅ ስለሚበዛ የዚያ ዘመን ጃዝ ሹል ነው፤ የ60ዎቹን ልስላሴ ከእሱ መጠበቅ አይገባም። የጊብሰኑ ኢቢ-0 ደግሞ የክሩ ርዝመት 30.5 ኢንች ነው፤ ፌንደሮቹ 34 ናቸው። ባጠረ ክር ላይ ውጥረቱ ይላላል፤ ፒክአፑም አንገቱ ሥር ስለተቀመጠ ድምፁ ጥቁርና ከባድ ይሆናል። ለዝግታ ትዝታ እወደዋለሁ፤ ለፈጣን ችክችካ ግን አልመርጠውም።

ብዙ ጊዜ የምታገለው ከፒክአፕ ከፍታ ጋር ነው። ሰው ድምፅ እንዲበረታለት ፒክአፑን ወደ ክሩ ይገፋዋል። የድሮ ፒክአፕ ማግኔት ግን ክሩን ይስበዋል፤ ወፍራሙ የኢ ክር በላይኞቹ ፍሬቶች ላይ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ድምፅ ያወጣ ይመስላል፣ ቅኝቱም አልይዝ ይላል። በዚህ ምክንያት ብቻ «እንጨቱ ሞቷል» ተብሎ ሊሸጥ የደረሰ ጊታር አውቃለሁ። እኔ ክሩን የመጨረሻው ፍሬት ላይ እጫንና ከማግኔቱ አናት እስከ ክሩ ሥር እለካለሁ፤ በወፍራሙ ክር በኩል 3.2 ሚሊሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 2.4 ያህል እተዋለሁ። ከዚያ በኋላ በጆሮ ነው። ድምፁ ካነሰ አምፕሊፋየሩን ከፍ ማድረግ ነው፤ ያኔ ክሩ ነፃ ወጥቶ ይዘምራል።

አንገቱ ሌላው ጉዳይ ነው። በድሮዎቹ ፌንደሮች የአንገቱን መጉበጥ የሚያስተካክለው የትረስ ሮዱ ብሎን አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት በኩል ስለተደበቀ እሱን ለማስተካከል አንገቱን መፍታት ያስፈልጋል። ጣጣ ስለሆነ ዓመታት ሳይነካ ይቆያል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከክረምቱ እርጥበት ወደ በጋው ድርቀት ስንሸጋገር እንጨቱ ይንቀሳቀሳል። ክሩን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ስምንተኛው ፍሬት ላይ የሚቀረውን ክፍተት እዩ፤ 0.35 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ደኅና ነው።

ጃዝ ለሚጫወቱ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም ቮልዩም ሙሉ ሲከፈት የመሐሉ ድምፅ ይሰረጎዳል። ቤት ውስጥ ለብቻ ሲሰማ ያምራል፤ ባንድ ውስጥ ግን በባስ ድራሙና በኪቦርዲስቱ ግራ እጅ መሐል ይጠፋል። የኋለኛውን ፒክአፕ በጥቂቱ ቀንሱት፤ መሐሉ ወዲያው ይመለሳል። ጆቫኒ ሪኮ በሮሃ ባንድ ያኖራቸውን የቤዝ መስመሮች ልብ ብሎ የሰማ ሰው፣ በዘፈን ውስጥ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ መሰማቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያውቃል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። የቮልዩም መቆጣጠሪያው ስለተንሿሿ ብቻ አውጥታችሁ አትጣሉት፤ ብዙ ጊዜ በኮንታክት ክሊነር ይድናል። ጀርባው ላይ የታተመው ቁጥር የጊታሩ የልደት ወረቀት ነው፤ 3046623 የሚል ካገኛችሁ፣ 304 ስታክፖል የሚባለው አምራች፣ 66 ዓመቱ፣ 23 ሳምንቱ ነው። የግድ መቀየር ካለበትም አሮጌውን በከረጢት አድርጋችሁ ኬዙ ውስጥ አስቀምጡት። ቀለሙን አትፋቁ። ሌላ ጊታር ለመግዛት ከማሰባችሁ በፊትም ክር ቀይሩና ፒክአፑን ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ልምምድ ሙሉ ተጫወቱበት።