ጉሎና የግቢያችን ውሻ

ጉሎን የማያውቅ ገበሬ የለም። በጓሮ፣ በአጥር ጥግ፣ በአመድ መድፊያው አጠገብ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ እንደ እጅ ጣቶችም የተከፋፈለ ነው። ግንዱና ቅጠሉ ቀላ ያለውን ዓይነት እንደ አበባ ለጌጥ የሚተክሉት ሰዎች አሉ። ለዓይን ያምራል፤ ይህን አንክድም። ታዲያ ውሻ ባለበት ግቢ ጉሎ ደግ ተክል ነው ወይ? አይደለም። ምክንያቱን እንመልከት።

መርዙ ይበልጡን ያለው በፍሬው ውስጥ ነው። የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉር ነው፤ ደም የጠገበ መዥገር ይመስላል። ሪሲነስ የሚለው የሳይንስ ስሙም በላቲን ቋንቋ መዥገር ማለት ነው። መመሳሰሉን ያየነው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው። መርዙን ሪሲን ብሎ የሰየመው ስቲልማርክ የተባለ ተመራማሪ ነው፤ ይህም የሆነው በ1888 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፍሬው ጠንካራ ቅርፊት አለው። ውሻ ሳያኝክ ከዋጠው እንዳለ በዓይነ ምድሩ ሊወጣ ይችላል። ካኘከው ግን ቅርፊቱ ይሰበርና መርዙ በሆዱ ውስጥ ይሰራጫል። ጥቂት ፍሬ ብቻ ውሻን ሊገድል ይችላል። ቡችላ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ማኘክ ይወዳል። የጉሎው እሾሃም ቆብ ሲደርቅ ይፈነዳል፤ ፍሬውንም ይበትናል። ጉሎው ያለው ከአጥሩ ሥር ቢሆንም ፍሬው ግቢው መካከል ይገኛል።

ዘይቱስ? ትሉ ይሆናል። ሪሲን በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ ጉሎ ሲጨመቅ መርዙ ከአተላው ጋር ይቀራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኑግ ፋጉሎ ለከብት ጥሩ መኖ ነው። የጉሎ ፋጉሎ ግን መርዝ ነው፤ ለበሬም፣ ለዶሮም፣ ለውሻም አይሰጥም። በሌሎች አገሮች ለማዳበሪያ የተበተነውን እየበሉ የሞቱ ውሾች አሉ። ለምጣድ ማሰሻ ጉሎ የምትወቅጡ እናቶችም ሙቀጫውን እጠቡ፤ ጨርቁን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። እሳት መርዙን ያደክመዋል፤ በደንብ ያልተቆላው ግን አያስተማምንም።

ጉሎ የበላ ውሻ ወዲያው ላይታመም ይችላል። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ያስመልሰዋል። ሆዱን ያመዋል፤ ያስቀምጠዋል፤ ተቅማጡ ደም ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ይዝላል። መርዙ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ቢሆንም ቶሎ ከታከሙ ብዙዎቹ ይድናሉ። ሲበላ እንዳያችሁት፣ ምልክቱን ሳትጠብቁ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት። ስንት ፍሬ እንደበላ ንገሩት። ወተት ወይም ዘይት በግድ አትጋቱት፤ የደከመ ውሻ ትን ይለዋል።

ነገር ግን ውሻው ለሃጩን የሚያዝረከርክ፣ ጠባዩ የተለወጠ፣ ሰው ለመንከስ የሚዳዳው ከሆነ ነገሩ ጉሎ ላይሆን ይችላል። የእብደት በሽታ ሊሆን ይችላልና እጃችሁን ወደ አፉ አታስጠጉ።

ጉሎ ለገበያ የሚያመርት ሰው ከቤት ርቆ ይዝራው፤ ፍሬውንም በተከደነ ዕቃ ያስቀምጠው። በግቢ ውስጥ በራሱ የበቀለውን ግን ከዝናብ በኋላ አፈሩ ሳይደርቅ በእጅ መንቀል ይቻላል። ካደገም ቆቡ ሳይደርቅ ቁረጡት። ዝንጉርጉሩን ፍሬ ልጆችም ለጨዋታ ይለቅሙታል፤ መርዙም ልጅን ከውሻ አይለይም።