የቤት ራውተርን በር መክፈትና መጠበቅ

በታላቋ ካይሮ፣ በናስር ሲቲም ሆነ በማዓዲ፣ ቀኑን ከቤቱ ውጭ በሥራ ላይ የሚያሳልፍ ሰው በመኖሪያው የተከለውን ካሜራ ከሥራ ቦታው ሆኖ ለመመልከት ይሻ ይሆናል። ካሜራው በቤቱ ዋይፋይ ሲከፈት በደንብ ይታያል፤ ከቤት ሲወጡ ግን ምስሉ ይቋረጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያግደው ራውተሩ ነው።

የራውተርን ሥራ ለመረዳት በካይሮ ሕንፃዎች መግቢያ የሚቀመጠውን በዋብ ማሰብ ይበቃል። ሕንፃው ብዙ ቤቶች ቢኖሩትም በመንገዱ ላይ ያለው አድራሻ አንድ ነው። በዋቡ ነዋሪው ያዘዘውን ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው ያስገባል፤ ማንም ያልጠራውን ግን ይመልሳል። ራውተርም እንዲሁ አንዱን የውጭ የአይፒ አድራሻ ለቤቱ መሣሪያዎች ሁሉ ያካፍላል፤ ከውስጥ ያልተጠየቀውንም ጥሪ ያግዳል። «ፖርት ፎርዋርዲንግ» ለዚህ በዋብ የሚሰጥ ቋሚ ትእዛዝ ነው፦ ይህን የፖርት ቁጥር የጠየቀ ሁሉ ወደ ካሜራው ይለፍ ማለት ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። በመጀመሪያ በራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1፣ በብራውዘር ይከፈታል። ቀጥሎ ለካሜራው የማይለዋወጥ የውስጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.50፣ ይመደብለታል። ከዚያም በፖርት ፎርዋርዲንግ ገጽ ላይ የውጭው ፖርት፣ የካሜራው አድራሻና የካሜራው ፖርት ተሞልተው ይመዘገባሉ። ሙከራው መደረግ ያለበት ዋይፋዩን አጥፍቶ በሞባይል ዳታ ነው።

ሁሉ ተስተካክሎም የማይሠራበት ጊዜ አለ። ራውተሩ የሚያሳየው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መካከል የሚጀምር ከሆነ፣ አገልግሎት ሰጪው አንድን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች አካፍሏል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የራሱ የሆነ አድራሻ ይገኝ እንደሆነ ድርጅቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከመክፈት ይልቅ የሚከብደው መጠበቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ተቆጣጥሮ በታላላቅ ድረ ገጾች ላይ ጥቃት አድርሶባቸዋል። ስለዚህ በሩ ከመከፈቱ በፊት የካሜራውም የራውተሩም የይለፍ ቃል መቀየር፣ ሶፍትዌራቸውም መታደስ አለበት። የራውተሩ የራሱ መቆጣጠሪያ ገጽ ግን ለውጭ ፈጽሞ አይከፈትም።

መስመሩ በአከራዩ ስም ከሆነ ወይም ራውተሩን ብዙ ሰዎች የሚጋሩት ከሆነ አስቀድሞ ማስፈቀድ ተገቢ ነው፤ ጥቃት ቢነሳ የሚታየው የዚያ መስመር አድራሻ ነውና። የካሜራው አምራች አስተማማኝ መተግበሪያ ካለው ወይም ራውተሩ ቪፒኤን የሚቀበል ከሆነ፣ በሩን ጨርሶ ሳይከፍቱ ቤትን መመልከት ይቻላል። የግድ የተከፈተ ፖርትም ሥራው እንዳበቃ ሊዘጋ ይገባል።