የጎጃም ብዕርና የአዲስ አበባ ሽልማት

በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በ2018 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞላው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃሞቹን ማንኩሳንና ዲማን አገር ሁሉ እንዲያውቃቸው አደረጉ። ዛሬ ባሕር ዳር ተቀምጦ የሚጽፈውንስ ማን አንብቦ ይመዝንለታል?

ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የበጎ ሰው ሽልማት ከሕዝብ ጥቆማ ይቀበላል፤ የሚያከብረው ግን ሰውየውን ከነዕድሜ ልክ ሥራው ነው፣ አንድን መጽሐፍ ነጥሎ አይመዝንም። በዚህ ረገድ በ2009 ዓ.ም. የመጣው ሆሄ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ክፍተት ሞልቷል፤ መጻሕፍትን በዘርፍ ለይቶ አወዳድሯል። ሁለቱም መድረካቸው አዲስ አበባ ነው። የባሕር ዳር ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ በራሱ ወጪ ያሳትማል፤ ጥቅሉን በአውቶቡስ አስጭኖ ያመጣና ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ውስጥ ያስመርቃል፤ የቀረውን በየመሥሪያ ቤቱና በየካፌው እየዞረ ይሸጣል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት መንገዱን በየጊዜው ይዘጋዋል። አዲስ አበባ መደብር ያልደረሰ መጽሐፍ ዳኛ እጅ የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነው።

በእንግሊዝኛ ለሚጽፉት በሩ ሰፋ ያለ ነው፤ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሜሮን ሀደሮ በ2013 ዓ.ም. የኬይን ሽልማትን ወስዳለች፣ መዓዛ መንግሥቴ በዚያው ዓመት በቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብታለች። ስዋሂሊ እንኳ ከ2007 ዓ.ም. አንሥቶ የራሱ አህጉራዊ ሽልማት አለው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከርቀቱ ይልቅ የሸላሚው ማንነት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ደራሲውን ከበደ ሚካኤልን፣ በኋላም ገና ሠላሳ ዓመት ገደማ የነበረውን ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሸልሟል። ሁለቱም ይገባቸዋል። በዚያው ዘመን ከጣና ደቡብ ምዕራብ፣ ከአቸፈር የተነሣው አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አሳተመ። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም ኋላ ጎሬ ድረስ ተግዞ ተቀመጠ። ደመወዙን ትቶ በብዕሩ ብቻ ለማደር የደፈረ ሰው ነበር። ለአንዱ ሜዳልያ፣ ለሌላው ግዞት ያወጣው ያው ቤተ መንግሥት ነው። ስለዚህ አዲስ ሽልማት ሲታወጅ መጀመሪያ የምጠይቀው የገንዘቡን መጠን አይደለም፤ ሸላሚውን የሚያስቆጣ መጽሐፍ ሊያሸንፍ ይችላል ወይ ብዬ ነው።

ለዳኝነቱ አርአያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪው ቀን ለብቻው ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ማታ ለየኔታ ይነግራል። ሰምና ወርቁ የት እንደተፋታ፣ ቤቱ የት እንደተሰበረ ጓደኞቹ እየሰሙ ይነገረዋል። ለምን እንደወደቀ ሳያውቅ የሚሄድ የለም። የዛሬ ዳኞቻችን ግን ብዙ ጊዜ የአሸናፊውን ስም አንብበው ይቀመጣሉ፤ ተወዳዳሪው ጭብጨባውን ሰምቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ባሕር ዳር በአቤ ጉበኛ ስም የራሷ ሽልማት ሊኖራት ይገባል። ገንዘቡ ከአንባቢና ከነጋዴ ይዋጣ፤ ባለሥልጣን ዳኛ አይሁን፤ የዳኞቹ ሂስ ከነምክንያቱ ይታተም። ውድድሩም በአማርኛ ብቻ አይታጠር። እንጅባራ አካባቢ ልጆች በአዊኛ፣ ሰቆጣ በኽምጣና ፊደል ይቆጥራሉ፤ ከእነሱ መካከል ልቦለድ የሚጽፍ ሲነሣ የሚያነብለት ዳኛ ከወዲሁ መዘጋጀት አለበት።