በብርድ ወራት በአቃቂ ቃሊቲ ስለሚሠራ የጓሮ አትክልት

ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ያሉት ወራት ሌሊታቸው ብርድ፥ ቀናቸው ፀሐይ ስለ ሆነ፥ ብዙ ባለይዞታ እህሉን ከሰበሰበ በኋላ ጓሮውን እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ጦም ያሳድረዋል። ዳሩ ግን በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ባለው በአቃቂ ቃሊቲ ለአትክልት ከሚስማሙት ወራት ዋነኞቹ እነዚሁ ናቸው። ምድሩ ጥቁር መረሬ በመሆኑ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፥ የተተከለውም ሥሩ ይበሰብሳል፤ በበጋ ግን ውሃ የሚጠጣ መደብ በደኅና ያፈራል።

ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚፈራው ውርጭ ነው። የአቃቂ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በማይነፍስበት ሌሊት ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውሃ እየወረደ በረባዳው ስፍራና በወንዙ ዳር ይተኛል። ስለዚህ የችግኝ መደብ በተዳፋቱ ላይ ይሁን። ድንች፥ ቲማቲም፥ ቃሪያና አደንጓሬ አንድ ሌሊት በጣለ ውርጭ ይጠቁራሉ፤ ጎመን፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ካሮትና ቀይ ሥር ግን ይታገሡታል። ርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይይዛልና፥ ውርጭ በሚያሠጋበት ቀን መደቡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ ይጠጣ፤ ማታ በገለባ ወይም በሰሌን ይሸፈን፥ ጠዋትም ፀሐይ ስትሞቅ ይገለጥ። ሽፋኑ ላስቲክ የሆነ እንደ ሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ይደገፍ።

ከውርጩ ይልቅ የሚከብደው የውሃው ነገር ነው። ታላቁና ትንሹ አቃቂ ከተማውን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርዱ የቤቱን እድፍና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዘው ይወርዳሉ፤ በበጋም ዝናብ ስለማያቀጥነው እድፉ እጅግ ይወፍራል። አትክልተኛው ከወንዙ አብዝቶ የሚቀዳውም በዚሁ ወራት ነው። በወንዙ ዳር በአፈሩና በአትክልቱ ላይ በተደረገው ምርመራ ክሮሚየም፥ እርሳስና ካድሚየም ተገኝተዋል፤ ክሮሚየም በፋብሪካ ቆዳ የሚለፋበት ነገር ነው። ቅጠሉ የሚበላ አትክልት፥ ይኸውም ሰላጣ፥ ቆስጣና ጎመን፥ ከሌላው አብልጦ ይስበዋል። በደንብ ማብሰል የወስፋትን ዕንቁላልና ሌላውንም የበሽታ ተሕዋስያን ይገድላል እንጂ ብረቱን አያወጣውም።

ስለዚህ ሹማምንት አትክልተኛውን መከልከል ብቻ ይበቃናል እንዳይሉ። ሌላ ውሃ ያላገኘ ሰው ልጆቹን የሚያሳድርበት ሥራ እርሱ ነውና፥ እዚህ የተከለከለውን ወደ ሌላ ገበያ ወስዶ ይሸጠዋል። አስቀድሞ የጕድጓድ ውሃ የሚገኝበትን ስፍራ መፈለግ፥ ከወንዙ የቀረበ ጕድጓድ ደግሞ ሊበከል ይችላልና ውሃውን ማስመርመር፥ ከዚያም ለብዙ ሰው መደብ እንዲዳረስ ማድረግ ይገባል። ይህ እስኪሆን ድረስ በወንዙ ውሃ የሚጠጣው መሬት ለአበባና ለባሕር ዛፍ ችግኝ ይሁን። የከብት ሣር ግን አይብቀልበት፤ ብረቱ በሣሩ አድርጎ ወደ ላሚቱ ይገባልና።

የቀረው ሥራ ቀላል ነው። ከአውድማ የተረፈው ገለባ ከሚቃጠል ይልቅ ከእበትና ከጥቂት አመድ ጋር ተደራርቦ፥ ውሃ እየተርከፈከፈበት ቢገላበጥ፥ ለሰኔ ተከላ ማዳበሪያ ይሆናል። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፥ በስንጥቁም ርጥበቱ ይወጣል፤ ስለዚህ በየጊዜው ይኰትኰት። የክረምቱን ውሃ የሚያወጣው ቦይ በኅዳር፥ አፈሩ ጭቃም ድንጋይም ሳይሆን ይቆፈር፤ በሐምሌ የሚቆፍር ሰው ዶማውን ከጭቃ ሲያላቅቅ ይውላል።