አውቶማታ የከበዳችሁ? አስጠኚያችሁ መልሱን እንዲነግራችሁ አትፍቀዱለት

ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ጓደኛ ካላችሁ «አውቶማታ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ፊቱን አይታችሁ መልሱን ታገኙታላችሁ። ኮርሱ ኮድ የሚጻፍበት፣ አፕ የሚሠራበት አይደለም። ክብ፣ ቀስትና ማረጋገጫ ነው። ግን መዝለል አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ላይ ይመጣል፤ ዲግሪውን ለመያዝ ደግሞ ቢያንስ 50 ከመቶ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ኤግዚት ሲቃረብ ደብረ ማርቆስም ሆነ ሌላ ካምፓስ አስጠኚ ፍለጋ ይጀመራል። ጥያቄው፣ አስጠኚው ምን ያድርግልን? የሚለው ነው።

መጀመሪያ ትምህርቱ ስለምን እንደሆነ እንይ።

አውቶማታ የሚባሉት በሐሳብ ያሉ ማሽኖች ናቸው። ቀላሉ ዓይነት የተወሰኑ ክፍሎች አሉት፤ በአንድ ጊዜ አንዱ ክፍል ውስጥ ብቻ ይገኛል፤ ምልክት ሲመጣለት ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል። አንዱን ከልጅነታችሁ ጀምሮ ታውቁታላችሁ፦ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። በባሕረ ሐሳብ ዓመት በተለወጠ ቁጥር ዘመኑ አንድ እርምጃ ይሄድና ከዮሐንስ ወደ ማቴዎስ ይመለሳል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች።

እናስላው። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። 2019 ደግሞ ሉቃስ ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ማሽኑ 7518 የሚባለውን ቁጥር መያዝ የለበትም። አሁን የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ካወቀ በቃው። አራት ክፍል ለዘላለም ይበቃል።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። ኮድ ስትጽፉ የተከፈተ ቅንፍ ሁሉ መዘጋት አለበት። ይህንን የሚያጣራ፣ 100 ክፍል ብቻ ያለው ማሽን መሥራት ይቻላል? አይቻልም። ምክንያቱ ይኸው፦ የተከፈቱት ቅንፎች ከ0 እስከ 100 ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ 101 የተለያየ ሁኔታ ነው። ክፍሎቹ 100 ስለሆኑ ቢያንስ ሁለት ሁኔታዎች አንድ ክፍል ይጋራሉ። ለምሳሌ 7 የከፈተውና 12 የከፈተው አንድ ክፍል ገቡ እንበል። ከዚያ 7 መዝጊያ ቢመጣ ማሽኑ ለሁለቱም «ትክክል ነው» ይላል፤ ለ12ቱ ግን ስህተት ነው። ክፍሉን ሚሊዮን ብታደርጉትም ያው ነው። ማሽኑ የሚጎድለው ፍጥነት ሳይሆን ማስታወሻ ነው።

ይህን ማረጋገጫ አስጠኚው ጽፎ ቢሰጣችሁ «ገባኝ» ትላላችሁ። ፈተና ላይ ግን ቅንፉ ቀርቶ «የሀ እና የለ ብዛት እኩል የሆነበት ቃል» ተብሎ ይመጣል። ጥያቄው ያው ነው፣ ልብሱን ነው የቀየረው። የሸመደደ ሰው እዚህ ጋ ይቆማል።

ጎጃም ለዚህ የቆየ ዘዴ አለው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች ስማቸው የታወቀ ነው። ተማሪው ራቅ ብሎ ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ሰምተው ያርሙታል፤ የተማሪውን ቅኔ ግን ቁጭ ብለው አይሠሩለትም። መታገሉ የተማሪው፣ ማረሙ የመምህሩ ነው።

እናንተም እንዲህ ሞክሩት።

ከመሄዳችሁ በፊት ጥያቄው ላይ ግማሽ ሰዓት ለብቻችሁ ታገሉ። የቆማችሁበትን መስመር ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ።

ስትገናኙ እናንተ ንገሩ፣ አስጠኚው ይስማ። የእሱ ሥራ መጠየቅ ነው፦ «ማሽኑ ምኑን ማስታወስ አለበት?» «ይህ መስመር ከየት መጣ?» «ምንም ፊደል የሌለው ባዶ ቃል ቢገባስ?»

ስትጨርሱ ወረቀቱን አጥፋችሁ ከባዶ እንደገና ጻፉት። ካልመጣላችሁ ገና አልያዛችሁትም።

ስልካችሁ ላይ ያለውን ኤአይ ብትጠቀሙም ሕጉ ያው ነው። «ሥራልኝ» ካላችሁት ይሠራላችኋል፤ አንዳንዴም ትክክል የሚመስል ግን የተሳሳተ ማረጋገጫ ይሰጣችኋል። ይልቅ የራሳችሁን ጽፋችሁ «ስህተቱን ፈልግ» በሉት፤ ያለውንም መልሳችሁ መርምሩ።

የአስጠኚ ብር የለንም የምትሉ፣ ጓደኛም ያስጠናል። በደንብ የሚሰማና «ለምን?» የሚል ሰው ይበቃል። ዳታም ግዴታ አይደለም። በ2015 ክረምት ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ስንቆይ በቪዲዮ የሚማር ሁሉ ቆሞ ነበር፤ ይህ ትምህርት ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ካለ ይሄዳል። አለን ቱሪንግም ኮምፒውተር ሊፈታቸው የማይችላቸው ጥያቄዎች እንዳሉ በ1936 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ዛሬ የምናውቀው ኮምፒውተር ሳይኖር ነው።

ለዛሬ አንድ ጥያቄ፦ ከሀ እና ከለ በተሠራ ቃል ውስጥ የሀ ብዛት ለ3 መካፈሉን የሚያጣራ ማሽን ስንት ክፍል ይበቃዋል? ቁጥሩን ከመናገራችሁ በፊት አጠገባችሁ ላለ ሰው ለምን እንደሆነ አስረዱት።