የማይጠብቀው የትርፍ ሰዓት ሒሳብ

በቀደም አንዲት የሠፈሬ ልጅ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እያመሸሁ ሠርቻለሁ፤ የትርፍ ሰዓቴን ልጠይቅ?» አለችኝ። የአንድ የግል ኩባንያ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። «አንቺ ኃላፊ ስለሆንሽ አይመለከትሽም» ብለዋታል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጥበቃው ውጭ ያደረገው የሥራ መሪን ነው። የሥራ መሪ የሚባለው ደግሞ የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሰው እንጂ «ኃላፊ» የሚል ካርድ የታተመለት ሁሉ አይደለም። ልጅቷ የቀጠረችውም ያሰናበተችውም ሰው የለም። ስለዚህ መደበኛ ሥራዋ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፉ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የሰዓት ደመወዟ በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍቷ በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል።

እስከዚህ ደስ ብሏት ነበር። ክፉው ይርጋው ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ መጠየቅ ከሚገባው ጊዜ አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይታገዳል። ከሁለቱ ዓመት ዓመት ተኩሉ ሄደ ማለት ነው፤ የአሠሪው ጠበቃ ይህን ሳያነሣ አይቀርም። ይርጋውን የሚያቋርጠው ለሚመለከተው አካል አቤት ማለት ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው። «ከሰኔ በኋላ እናስተካክላለን» የሚል የቃል ተስፋ አያቋርጥም። እሷን ያዘናጋት ግን ይኸው ተስፋ ነው።

አዋጁ የትርፍ ሰዓት ትእዛዙንና የተሠራውን ሰዓት መዝግቦ የመያዝ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ቢሆንም አመሻሽ ላይ የላከቻቸውን ኢሜይሎች አትማ ነገውኑ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ።